ባህር ሲሞቅ አሳው ምን ይሆናል? ሀዋሳ ላይ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሀዋሳ ውስጥ ስለ አሳ አስተያየት የሌለው ሰው ማግኘት ከባድ ነው። ጥብሱ ላይ፣ ጉላሹ ላይ፣ ዳጣው ላይ ሁሉም ዳኛ ነው። ወሬው ወደ ባህር ሲሄድ ግን ጥያቄ ይበዛል፤ ባህር የሌለን ሰዎች ነንና። ከታች ያሉት ሐይቁ ዳር፣ ባጃጅ ውስጥና ተማሪዎች መሀል ደጋግመው የሚነሱ ጥያቄዎች ናቸው። ዓመተ ምህረቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ለመሆኑ ባህሩ ምን ያህል ሞቋል?

ከ1850 እስከ 1900 ከነበረው ጋር ሲወዳደር የዓለም ባህሮች የላይኛው ውሃ ወደ 1 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሞቋል። 2023 እና 2024 ደግሞ በመሣሪያ መለካት ከተጀመረ ወዲህ ያልታየ የባህር ሙቀት የተመዘገበባቸው ዓመታት ናቸው።

"አንድ ዲግሪ ብቻ?" ማለታችሁ አይቀርም። ውሃ ቶሎ የሚሞቅ ነገር አይደለም። አንድ ኪሎ ውሃን በአንድ ዲግሪ ለማሞቅ አንድ ኪሎ አየር ከሚፈልገው አራት እጥፍ ጉልበት ይፈልጋል። ያንን በባህሩ ስፋትና ጥልቀት አባዙት። የከሰል፣ የነዳጅና የጋዝ ጭስ ምድር ላይ አጥምዶ ካስቀረው ትርፍ ሙቀት ከ90 በመቶ በላይ የገባው ባህር ውስጥ ነው። እኛ አየሩ ላይ "ዘንድሮስ ሙቀቱ!" እያልን የምናማርረው ፍርፋሪውን ነው።

አሳ ትንሽ ሞቅ ቢልለት ምን ይጎዳዋል?

ይሄ ጥያቄ የሁሉም መነሻ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልመልሰው።

አሳ እንደ ሰው የራሱን ሙቀት የሚጠብቅ እንስሳ አይደለም። ቱናንና ጥቂት ሌሎችን ትተን ማለት ነው። ውሃው ሲሞቅ ሰውነቱ አብሮ ይሞቃል። ሰውነቱ ሲሞቅ ደግሞ ውስጡ ያለው ሥራ ሁሉ ይፈጥናል። ልቡ ይፈጥናል፤ የበላው ቶሎ ይፈጫል፤ ረሃቡ ይብሳል። ከሁሉም በላይ ብዙ ኦክስጅን ይፈልጋል።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ውሃ ሲሞቅ የሚይዘው ኦክስጅን ይቀንሳል። አምቦ ውሃን አስቡ። ከፍሪጅ የወጣው ሲከፈት ጋዙ ውስጡ ይቆያል። ፀሐይ ላይ የዋለው ሲከፈት ገንፍሎ ይወጣና ጋዝ የሌለው ውሃ ይተርፋችኋል። በቁጥር ካስፈለገ፣ ጨው የሌለበት 10 ዲግሪ ውሃ በሊትር 11 ሚሊግራም ገደማ ኦክስጅን ይይዛል። 30 ዲግሪ ሲደርስ የሚይዘው 7.5 አካባቢ ነው። የባህር ውሃ ጨው ስላለበት ከዚህም ያንሳል።

ሐይቁ ዳር ካለው አሞራ ገደል ገበያ አሳ ስትገዙ ትኩስ መሆኑን ለማወቅ ከጭንቅላቱ ጎን ያለውን ክዳን ገልጣችሁ ታያላችሁ አይደል? ውስጡ ያለው ደማቅ ቀይ ነገር ስንጥቡ ነው። አሳው በአፉ ውሃ ያስገባል፤ ውሃው በስንጥቡ ላይ ሲያልፍ ደሙ ኦክስጅኑን ይቀበላል። ውሃው ሲሞቅ ያንኑ ኦክስጅን ለማግኘት ብዙ ውሃ ማሳለፍ አለበት። ማሳለፍ ደግሞ ራሱ ጉልበት ይበላል። ለማደግ፣ ለመሸሽ፣ ለመራባት የሚሆነው ጉልበት በመተንፈስ ያልቃል።

ስለዚህ አሳን የሚጎዳው ብዙ ጊዜ መቀቀሉ ሳይሆን ትንፋሹ መቁረጡ ነው። ሙቀትን መቋቋም በጣም የሚያቅታቸው ደግሞ እንቁላሎችና ለመራባት የተዘጋጁ አሳዎች ናቸው። ትልቁ አሳ በደህና ሲዋኝ እያያችሁ የሚቀጥለው ትውልድ ሳይፈለፈል ሊቀር ይችላል። የዓለም ባህሮች በጠቅላላ ከ1960 ወዲህ ከኦክስጅናቸው 2 በመቶ ያህል አጥተዋል። በአማካይ ሲታይ ትንሽ ነው፤ ግን ቅነሳው በየቦታው እኩል አልደረሰም።

ታዲያ አሳው ያልቃል ማለት ነው?

አይ፣ መጀመሪያ የሚያደርገው መሄድ ነው። በሰሜኑ የዓለም ክፍል ያለው ወደ ሰሜን፣ በደቡቡ ያለው ወደ ደቡብ፣ ሌላው ወደ ጥልቁ። ተመራማሪዎች ብዙ ጥናቶችን ሰብስበው ሲያዩ የባህር ፍጥረታት የመኖሪያ ጠርዝ በአሥር ዓመት በአማካይ 70 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ቀዝቃዛው አቅጣጫ ሲገፋ አግኝተዋል። የየብስ እንስሳት በዚህ ፍጥነት አይሄዱም። ባህር ላይ አጥር የለም፤ ከተማ የለም፤ አስፋልት የለም።

አሳው ቪዛ አይጠይቅም። አጥማጁ ግን ይጠየቃል። አይስላንድ እስከ 2000ዎቹ አጋማሽ ድረስ ማከሬል የሚባለውን አሳ ከቁጥር የሚገባ አታጠምድም ነበር። በ2010 ከ100 ሺህ ቶን በላይ አወጣች። አሳው ወደ እሷ ውሃ መጥቶላት ነው። የውሃው መሞቅም የአሳው መብዛትም እጅ አለበት። ከአውሮፓ ኅብረትና ከኖርዌይ ጋር ለዓመታት የዘለቀ ጭቅጭቅ ተነሳ። "አሳው የኛ ነው።" "አይደለም፣ እኛ ጋ ነው ያለው።" እረኛ በግጦሽ ሲጣላ ያየ ሰው ነገሩ አይገርመውም።

በኛ በኩል ያለው አገር ግን የተለየ ችግር አለበት። ከምድር ወገብ አካባቢ የሚሄድ አሳ የሚተካው የለም። ከሱ የበለጠ ሞቃት ቦታ ስለሌለ ከዚያ የሚመጣ ስደተኛ አሳ አይኖርም። አይስላንድ ስታገኝ የሐሩር አገሮች ያጣሉ።

ሙቀቱ ቀስ ብሎ ሳይሆን በድንገት ቢመጣስ?

ይመጣል። "የባህር ሙቀት ማዕበል" ይሉታል። ለሳምንታት አንዳንዴም ለወራት የሚቆይ፣ ከወትሮው እጅግ የበለጠ ሙቀት ነው። መሄድ የሚችለውንም ፋታ አይሰጠውም።

ከ2013 መጨረሻ እስከ 2016 በሰሜን ምሥራቅ ፓስፊክ የነበረው በጣም የታወቀው ነው። ትንንሾቹ አሳዎች ከስተው ቀሩ፤ በነሱ የሚኖሩት ተከተሉ። ሙር የሚባሉ የባህር ወፎች በረሃብ አልቀው ሬሳቸው ባህር ዳርቻ ላይ ተደረደረ። በኋላ በተደረገ ቆጠራ አላስካ ውስጥ የሞቱት 4 ሚሊዮን ያህል እንደሆኑ ተገምቷል፤ ከነበሩት ግማሽ ገደማ ማለት ነው። በአላስካ ባሕረ ሰላጤ ኮድ የሚባለው አሳም ወርዶ ወርዶ በ2020 ማጥመጃው ተዘጋ።

የሸርጣኑ ታሪክ ደግሞ ለብቻው ይገርማል። በአላስካና በሩሲያ መካከል ባለው ቤሪንግ ባህር ውስጥ በረዶ ቀመስ ውሃ የሚወድ ሸርጣን አለ። የሚኖረው ከ2 ዲግሪ በታች በሆነ ውሃ ውስጥ ነው። ከ2018 እስከ 2021 ባሉት ዓመታት ውስጥ ከ10 ቢሊዮን በላይ ሸርጣን ጠፋ። በ2022 ማጥመዱ ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰረዘ። ሰው መጀመሪያ "ሄዶ ይሆናል" አለ። ሲጠና ግን ውሃው ያን ያህል የሚገድል ሙቀት አልነበረውም። ሸርጣኑ የሞተው በረሃብ ነው። ውሃው ከ0 ወደ 3 ዲግሪ ሲወጣ የሸርጣኑ የምግብ ፍላጎት እጥፍ ይሆናል። ብዛቱም ከፍተኛ የነበረበት ጊዜ ነው። ማዕዱ ያው፣ ተመጋቢው ብዙ፣ የእያንዳንዱ ሆድ እጥፍ። ለኛ ብርድ የሆነ ውሃ ለነሱ ሙቀት ሆኖ ጨረሳቸው።

ኮራል ሲባል እንሰማለን። ምንድን ነው? ለምንስ ይነጣል?

ኮራል ድንጋይ የሚመስል እንስሳ ነው። ድንጋዩን የሚሠራው ራሱ ነው፤ እሱ ግን ድንጋዩ ላይ የተለጠፈ ለስላሳ ትንሽ ፍጥረት ነው። ሥጋው ውስጥ አልጌ የሚባል ደቃቅ የእጽዋት ዓይነት ያስጠልላል። አልጌው በፀሐይ ብርሃን ምግብ ይሠራል፤ አብዛኛውን ለባለቤቱ ይከፍላል። ቀለሙም ያው አልጌው ነው።

ውሃው ከተለመደው የበጋ ጣሪያ በአንድ ዲግሪ በልጦ ለጥቂት ሳምንታት ሲቆይ ስምምነቱ ይፈርሳል። አልጌው የሚጎዳ ነገር ማመንጨት ይጀምራል፤ ኮራሉ ያባርረዋል። ቀለሙ ሄዶ ነጭ ድንጋዩ በስስ ሥጋው ውስጥ ይታያል። ይሄ ነው መንጣት። ገና አልሞተም። ቀለብ የሚሰጠው ግን የለም። ውሃው ቶሎ ከቀዘቀዘ አልጌው ይመለሳል፤ ካልቀዘቀዘ ኮራሉ በረሃብ ይሞታል።

መላውን ዓለም ያዳረሰ መንጣት በ1998፣ በ2010፣ ከ2014 እስከ 2017 ተከስቷል። አራተኛው በ2023 ጀመረና ከሁሉም የሰፋ ሆነ። በ2025 በተነገረው መሠረት ከዓለም የኮራል ስፍራዎች 84 በመቶው ለመንጣት የሚያበቃ ሙቀት ደርሶባቸዋል። አስጨናቂው ነገር በመካከል ያለው ጊዜ ማጠሩ ነው። የተጎዳ ኮራል ለማገገም ቢያንስ አሥር ዓመት ገደማ ይፈልጋል። የአውስትራሊያው ታላቁ የኮራል ግንብ በ2016፣ 2017፣ 2020፣ 2022 እና 2024 ነጥቷል። ቁስሉ ሳይሽር ሌላ ቁስል።

"ኮራል አንበላ፣ ምን ቸገረን?" የሚል ሰው አጋጥሞኛል። ኮራል የሚይዘው ቦታ ከባህር ወለል ከ1 በመቶ ያነሰ ነው። ከባህር ፍጥረታት ግን ሩብ ያህሉ በሆነ የዕድሜያቸው ዘመን እዚያ ይጠለላሉ። ዓለም በ1.5 ዲግሪ ከሞቀች ከ70 እስከ 90 በመቶ የሚሆነው ኮራል፣ በ2 ዲግሪ ከሞቀች ደግሞ ከ99 በመቶ በላይ ይጠፋል ተብሎ ይጠበቃል። የግማሽ ዲግሪ ልዩነት ይሄን ያህል ዋጋ ያለው ሌላ ቦታ አላውቅም።

ቀይ ባህርስ? እሱ ድሮም ሞቃት አይደል?

ድሮም ሞቃት ነው። በደቡቡ በኩል፣ በምጽዋና በአሰብ አቅጣጫ፣ የበጋው ውሃ ከ30 ዲግሪ ያልፋል። የሚገርመው ግን በሰሜን ጫፉ በአቃባ ባሕረ ሰላጤ ያለው ኮራል ነው። ከለመደው የበጋ ሙቀት ብዙ ዲግሪ ቢጨመርበትም ሳይነጣ ሲቆይ በሙከራ ታይቷል። ሳይንቲስቶች ምክንያቱን ሲያስረዱ ወደ ቀይ ባህር ደቡባዊ መግቢያ፣ ወደ ባብ ኤል መንደብ፣ ይጠቁማሉ። ከመጨረሻው የበረዶ ዘመን በኋላ ኮራሎቹ ወደ ቀይ ባህር የገቡት በደቡብ በር ነው። ሞቃቱን በር ያላለፈ ወደ ሰሜን አልደረሰም። የደረሱት የሙቀት ፈተናን ያለፉ ዘሮች ናቸው።

ይሄ ማለት ቀይ ባህር ዋስትና አለው ማለት አይደለም። መካከለኛው ክፍል በ2010 እና በ2015 ነጥቷል። ሰሜኑም ቢሆን ከፍሳሽ፣ ከነዳጅና ከሆቴል ግንባታ አያመልጥም።

በዚያው በኩል ሌላ ጉድ አለ። በ1869 የስዊዝ ቦይ ሲከፈት ለቀይ ባህር አሳ ወደ ሜዲትራኒያን መንገድ ተከፈተ። ውሃው ቀዝቃዛ በነበረ ጊዜ የሚሻገረውም የሚለምደውም ጥቂት ነበር። አሁን ሜዲትራኒያን ሲሞቅ እንግዳው እንደ ቤቱ ሆነ። መርዛማ እሾህ ያለው አንበሳ አሳ በቆጵሮስና በሊባኖስ ዳርቻ ተራብቷል። የባህር ሣር ግጠው ድንጋዩን ባዶ የሚያስቀሩም አሉ።

ኤሊ ሴት የሚሆነው በሙቀት ነው የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። የባህር ኤሊ ፆታ የሚወሰነው እንቁላሉ በተቀበረበት አሸዋ ሙቀት ነው። 29 ዲግሪ አካባቢ ወንድና ሴት ይመጣጠናል፤ ከዚያ ሲሞቅ ሴቱ ይበዛል። በሰሜናዊው ታላቁ የኮራል ግንብ አካባቢ በ2018 በወጣ ጥናት ከወጣት አረንጓዴ ኤሊዎች 99 በመቶው ሴት ሆነው ተገኝተዋል። ለጥቂት ዘመን ሴት መብዛቱ እንቁላል ያበዛል። ወንድ ሲጠፋ ነው ጣጣው።

"ባህሩ አሲድ እየሆነ ነው" ሲባልስ?

ሎሚ ሆነ ማለት አይደለም። ባህሩ ከምናወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሩብ ያህሉን ይመጥጣል። ጋዙ ውሃ ውስጥ ሲገባ አሲድ ይፈጥራል። ፒኤች የሚባለው የአሲድ ልኬት (ሲወርድ አሲዱ ይጨምራል) ከ8.2 ወደ 8.1 ወርዷል። ልኬቱ አቆጣጠሩ ልዩ ስለሆነ ይህች ቅንጣት ለውጥ አሲዳማነቱ ከሩብ በላይ ጨመረ ማለት ናት። የሚጎዱት ከኖራ ቤት የሚሠሩት ናቸው፤ ኮራል፣ ቀንድ አውጣ መሳዮች፣ ዛጎል ያላቸው ሁሉ።

ሱፐርማርኬት ያለው ቱናና ሰርዲን የሚወደደው በዚህ ነው?

ዶላሩን፣ ትራንስፖርቱንና ቀረጡን መጀመሪያ ጠይቁ። ባህሩ እጁ የለበትም ለማለት ግን አልደፍርም። ፔሩ ጥሩ ምሳሌ ናት። በዳርቻዋ ንፋስ የላይኛውን ውሃ ወደ ውስጥ ይገፋል፤ ከሥር ቀዝቃዛና በንጥረ ነገር የበለጸገ ውሃ ይወጣል። በሱ ላይ በዓይን የማይታዩ የባህር እጽዋት ይፈላሉ፤ እነሱን አንቾቪ የምትባል ጣት የምታህል አሳ ትበላለች። ኤልኒኖ፣ ማለትም በየጥቂት ዓመቱ የሚከሰተው የፓስፊክ ውቅያኖስ መሞቅ፣ ሲመጣ ሞቃት ውሃ ከላይ ይተኛና የሥረኛውን ያፍነዋል። በ1970 ከ12 ሚሊዮን ቶን በላይ የነበረው ምርት ከልክ ያለፈ ማጥመድና የ1972 ኤልኒኖ ተደማምረውበት በ1973 ወደ 2 ሚሊዮን ወረደ። በ2023ም የመጀመሪያው የማጥመጃ ወቅት ተሰርዟል። አንቾቪ አብዛኛዋ ተፈጭታ የአሳና የእንስሳት መኖ ስለምትሆን ፔሩ ላይ የጠፋው ሌላ አገር የመኖ ዋጋ ላይ ይወጣል።

ኢትዮጵያ ከ1993 ጀምሮ ባህር የላትም። ምን አገባን?

አሳ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ይባላል። ስለ አሳ ጠይቃችሁ ዝናብ ላይ ደረሳችሁ።

የኛ ዝናብ ባህር ላይ ነው የሚወሰነው። ፓስፊክ መሀሉ ሲሞቅ፣ ማለትም ኤልኒኖ ሲሆን፣ ክረምታችን ይደክማል። በ2015 ክረምቱ ከድቶ ከ10 ሚሊዮን በላይ ሰው እርዳታ ፈላጊ ሆነ። ሕንድ ውቅያኖስ ደግሞ ምዕራቡ ሞቆ ምሥራቁ ሲቀዘቅዝ ዝናቡ ወደኛ ይጎርፋል። በ2019 መጨረሻ ምሥራቅ አፍሪካ በጎርፍ የተጥለቀለቀው በዚህ ነው። ያው እርጥበት የአንበጣ መንጋውን አደለበው። ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ ነገሩ ተገለበጠና በደቡቡና በምሥራቁ አምስት የዝናብ ወቅት በተከታታይ ከሸፈ። የቦረና ከብት ያለቀው ያኔ ነው።

ኤልኒኖም ሆነ የሕንድ ውቅያኖሱ መወዛወዝ ድሮም የነበሩ ናቸው። አዲሱ ነገር የሚወዛወዙት በሞቀ ባህር ላይ መሆኑ ነው። የሞቀ ባህር ብዙ ውሃ ያተናል፤ ሲዘንብ ይዶፋል።

ሐይቃችንስ ያው ይደርስበታል?

ከፊሉ ያው፣ ከፊሉ የተለየ ነው። ልዩነቱ ነው እንቅልፍ የሚነሳኝ።

ሀዋሳ ሐይቅ ስፋቱ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ጥልቅ የሚባለው ቦታ ከ20 ሜትር እምብዛም አያልፍም። ጥቁር ውሃ ወንዝ ይገባበታል። በገጸ ምድር የሚወጣለት ወንዝ ግን የለውም። የባህር አሳ ሲሞቀው 70 ኪሎ ሜትር ሊሄድ ይችላል። የኛ ቆሮሶ (ቲላፒያ የሚባለው አሳ) ቢሄድ ቢሄድ ፍቅር ሐይቅ ከሚባለው ዳርቻ ተነስቶ ማዶ ደርሶ ይመለሳል።

ከፍታውም ጫና አለው። ሐይቁ ወደ 1,680 ሜትር ገደማ ላይ ነው። አየሩ ስለሚሳሳ፣ በአንድ ዓይነት ሙቀት ላይ ያለ ውሃ እዚህ የሚይዘው ኦክስጅን ባህር ጠረፍ ላይ ካለው በአምስተኛ ገደማ ያንሳል።

ደግነቱ ቆሮሶ ጠንካራ አሳ ነው። 30 ዲግሪ ውሃ ይመቸዋል እንጂ አይገድለውም። አምባዛ ደግሞ ከዚያ ይብሳል፤ ውሃው ኦክስጅን ቢያጣ ብቅ ብሎ አየር የሚተነፍስበት አካል አለው። ስለዚህ ሐይቁ ስለሞቀ ብቻ አሳው ተገልብጦ ይንሳፈፋል የሚለው ወሬ ልክ አይደለም።

የሚያሰጋው መደባለቁ ነው። ሐይቅ ጤነኛ የሚሆነው የላዩ ውሃ ወደ ታች፣ የታቹ ወደ ላይ ሲገለባበጥ ነው። ከላይ ኦክስጅን ይወርዳል፤ ከታች ንጥረ ነገር ይወጣል። ይሄን የሚሠሩት የከሰዓቱ ንፋስና የሌሊቱ ብርድ ናቸው። ሌሊቱ ካልቀዘቀዘ የሞቀው ውሃ ከላይ ተኝቶ ይቀራል። ታንጋኒካ ሐይቅ ላይ ይሄ ታይቷል። በ2003 የወጣ ጥናት ሙቀቱ መደባለቁን ስላዳከመው የሐይቁ አልጌ ምርት በ20 በመቶ ያህል እንደቀነሰ፣ ይህም የአሳውን ምርት በ30 በመቶ ገደማ ሊቀንስ እንደሚችል ገምቷል። ታንጋኒካ ከ1,400 ሜትር በላይ ጥልቀት ያለው ሌላ ዓለም ነው፤ የኛ ጥልቀት የሌለው ስለሆነ በቀላሉ ይገለበጣል። ግን አንዳንዴ ለቀናት ፀጥ ብሎ ቆይቶ በድንገት ሲገለበጥ ኦክስጅን ያጣው የሥሩ ውሃ ወደ ላይ ይወጣል። አሳ በጅምላ የሚሞተው እንዲህ ባለ ቀን ነው።

ጠዋት ጠዋት አሳዎች ላይ ላዩን አፋቸውን ሲከፍቱ ይታያል። ይሄ ሙቀት ነው?

ኦክስጅን ፍለጋ ነው። ውሃው አረንጓዴ ሲሆን አልጌ በዝቷል ማለት ነው። አልጌ ቀን ኦክስጅን ይሠራል። ሌሊት ግን እሱም እንደ አሳው ይተነፍሳል፤ የሠራውን መልሶ ይበላል። ስለዚህ ኦክስጅኑ ከሁሉ ዝቅ የሚለው ጎህ ሲቀድ ነው። አሳው ከአየር ጋር የሚነካካውን ስስ የላይኛ ውሃ ነው የሚምገው። ፀሐይ ወጥታ ትንሽ ስትቆይ ተመልሶ ይወርዳል። አልጌውን የሚያበዛው ከእርሻና ከከተማ የሚገባው ማዳበሪያና ፍሳሽ ነው፤ ሙቀቱ ያግዘዋል።

አሞራ ገደል ላይ አሳው ያነሰው በአየር ንብረት ለውጥ ነው?

በዋናነት አይደለም። ይሄን ሳልሸፋፍን ብናገር ይሻላል። አሁን አሁን ለሁሉም ነገር "የአየር ንብረት ለውጥ ነው" ማለት ምቹ ሆኗል። ማንም አይጠየቅበትማ።

ቆሮሶ እናቲቱ እንቁላሏን በአፏ ይዛ የምትፈለፍል አሳ ናት። ጫጩቶቹ ሲፈለፈሉም አደጋ ሲመጣ ተመልሰው አፏ ውስጥ ይገባሉ። እሷን በመረብ ያወጣ ሰው አንድ አሳ ሳይሆን አንድ ቤተሰብ ነው ያወጣው። ዓይነ ጠባብ መረብ ደግሞ ገና ያልወለደችውን ይጠርጋል። ጾም ሲገባ ፈላጊው ይበዛል፤ ዋጋው ይወጣል፤ መረቡም ይበዛል። አዋጅ የለም እንዳይባል ከ2003 ጀምሮ የአሳ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315 አለ።

ቸለለቃም አለ። በፊት ሐይቅ ነበር፤ አሁን ረግረግና ግጦሽ ሆኗል። ከተራራው የሚወርደውን ደለል እያጣራ ለጥቁር ውሃ ያቀብል የነበረ ቦታ ነው። ማጣሪያው ሲደክም ደለሉ ወደ ሐይቁ ይገባል።

ሙቀቱ የሚመጣው በዚህ ሁሉ ላይ ተደርቦ ነው። የቤሪንጉ ሸርጣን እንዳስተማረን፣ በደህና ጊዜ የሚቻለው ሙቀት በክፉ ጊዜ አይቻልም።

ጥሬ አሳ መብላት ከሙቀት ጋር አደጋው ይጨምራል?

ባህር ላይ አዎ። ቪብሪዮ የሚባሉ ባክቴሪያዎች ሞቃት የባህር ውሃ ይወዳሉ፤ እንደ ባልቲክ ባሉ ቀዝቃዛ በነበሩ ባህሮችም እየታዩ ነው። እዚህ ግን የጥሬ አሳ ዋናው ስጋት ሌላ ነው፤ ጥገኛ ትሎች። ሐይቁ ሞቀም ቀዘቀዘ እነሱ አሉ። ዳጣ አይገድላቸውም። እሳት ይገድላቸዋል። ምርጫው የናንተ ነው።

ዛሬ ጭሱ ቢቆም ባህሩ ይቀዘቅዛል?

ቶሎ አይቀዘቅዝም። ልቀቱ ወደ ዜሮ ሲወርድ የላዩ ሙቀት መጨመሩን ያቆማል ተብሎ ነው የሚጠበቀው። ወደ ጥልቁ የገባው ሙቀት ግን ለመቶዎች ዓመታት ይቆያል፤ ውሃ ሲሞቅ ስለሚነፋም የባህሩ ከፍታ መጨመሩን ይቀጥላል። ማትረፍ የሚቻለው ገና ያልገባውን ሙቀት ነው።

ጓሮዬ ኩሬ ቆፍሬ ቆሮሶ ባረባስ? ሙቀቱ ይጠቅመኛል?

ይጠቅማችኋል። ቆሮሶ ከ27 እስከ 30 ዲግሪ ውስጥ በደንብ ያድጋል፤ ከ20 በታች ይዘገያል። የሀዋሳ ሌሊት ለኩሬ ብርድ ነው። ስለዚህ ፀሐይ የሚያገኝ ቦታ ምረጡ። ኩሬው ሲሞቅና አረንጓዴ ሲሆን ግን የጎህ ትንፋሽ ማጠር እናንተም ጋ ይመጣል። አሳውን አታጨናንቁት፤ ውሃው በጣም አረንጓዴ ከሆነ ከፊሉን ቀይሩት። መኖ በማለዳ አትስጡ። የበላ አሳ ብዙ ኦክስጅን ይፈልጋል፤ በዚያ ሰዓት ደግሞ የለም። ረፋዱ ላይ፣ ከሦስት ሰዓት በኋላ ስጡት።